ለብቻዋ የምታወራው ሹፌር

ስልኬ መጮህ ሲጀምር በአልናብሩ የጭነት መጋዘኖች ፊት ለፊት ወዳለው አደባባይ ልገባ ነበር። ዝናብ ይጥላል። ከግራዬ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና እየመጣ ነው፤ ከፊቴ ደግሞ አንዲት ትንሽ መኪና ልግባ አልግባ እያለች ታመነታለች። አላነሳሁም። ስልኩ ቆመና እንደገና ጮኸ። አሁንም ቆሞ ሲጮህ ክፉ ወሬ መሆኑን ልቤ ነገረኝ፤ ሰው ለደግ ወሬ እንዲህ አይደጋግምም። እጄ ግን ከመሪው አልተነሳም። አደባባዩን ዞርኩ፣ ወጣሁ፣ ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ማቆሚያ አገኘሁ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ከዚያ ደወልኩ።

ራሔል ነበረች፤ የለተብርሃን ልጅ። «እማዬ አረፈች» አለችኝ። ቀጥላም «ለምንድን ነው የማታነሳው፣ ጋሼ ሰይድ?» ብላ ወቀሰችኝ።

«እየነዳሁ ነበር» አልኳት።

በለቅሶዋ መሃል ሳቅ የሚመስል ነገር ሰማሁ። «እሷም ብትሆን አታነሳም ነበር» አለች።

ስለ ራሴ ብዙ ማውራት አልፈልግም፤ ግን ለተብርሃን ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ለመረዳት እኔ ማን እንደሆንኩ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔን ማንም ምንም አላስተማረኝም። ማንበብ የተማርኩት ወሎ፣ በአጎቴ ሱቅ ውስጥ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። መንዳት የተማርኩት በጭነት መኪና ረዳትነት ተቀጥሬ፣ የሹፌሩን እግር በዓይኔ እየሰረቅሁ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ፣ ባቲን አልፎ ወደ ቆላው በሚወርደው ጠመዝማዛ፣ ፍሬን ግሎ እምቢ ሲል በማርሽ ብቻ ጭነት አውርጄ አውቃለሁ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ኖርዌጂያንኛውንም ከሬዲዮና ከመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ ላይ ለብቻዬ ለቅሜዋለሁ። ዛሬ በምኖርበት በፉሩሴት ሰፈር ከኮሙኑ፣ ማለትም ከከተማው አስተዳደር ጋር ጉዳይ ያለው ሐበሻ ቀድሞ የሚያማክረው እኔን ነው።

ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «አስተማሪዬ» ብሎ የሚጠራው ሰው አይኖረውም። እኔ ግን አንዲት አለችኝ። ያስተማረችኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም በግድ።

ወይዘሮ ለተብርሃን የአስመራ ልጅ ናት። አማርኛዋ አዲስ አበባ በኖረችባቸው ዓመታት የተገራ ነው፤ ስትናደድ ግን ትግርኛው ከታች ብቅ ይላል። ቁመቷ አጭር ስለነበረ የአውቶቡሱን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ስባ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ነበር የምትነዳው። ከሩቅ ሲያዩዋት መሪው እሷን የያዛት ይመስላል። ዕድሜያችን ተቀራራቢ ነው፤ በሥራው ግን ብዙ ትቀድመኝ ነበር። እኔ በአልናብሩ የጭነት መኪና ስነዳ ቆይቼ ወደ አውቶቡስ ድርጅቱ ስገባ፣ እሷን የማያውቅ ሹፌር አልነበረም።

የምትታወቀው በአንድ ነገር ነው። ስትነዳ ታወራለች። ጮክ ብላ አይደለም፤ ከንፈሯ ሳያርፍ፣ በዝግታ፣ አንዳንዴ በአማርኛ፣ አንዳንዴ በትግርኛ፣ አንዳንዴ በኖርዌጂያንኛ። ከሃውገንስቱዋ ሰፈር የሚሳፈሩ የእኛ እናቶች ዳዊት እየደገመች ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከጀርባዋ ያለውን ወንበር ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። የወሎ እናቶች ደግሞ ዱዓ ነው ብለው ከእነሱ እኩል ይጋፋሉ። ፌርማታቸው ሲደርስ «አሜን» ብለው ነው የሚወርዱት።

እኔ የሰው ወሬ ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው አይደለሁም። አንድ ቀን ሥራ ሳይኖረኝ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳመጥኳት። ጆሮዬ ጥሩ ነው። ዳዊትም ዱዓም አልነበረም።

«ቀኝ ልጅ፣ ብቻውን፣ ኳስ ይዟል» ትላለች። «ግራ የቆመ መኪና፣ ጎማው ወደ መንገድ ዞሯል። ፊት የድልድይ ጥላ፣ እርጥብ። ከኋላ ሽማግሌ ቆመዋል፣ ከዘራ።»

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ደርሰን ተሳፋሪው ከወረደ በኋላ ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቅኳት። ዓይን ሰነፍ ነው አለችኝ፤ አፍ ሲጠይቀው ግን ይሠራል። ለእናቶቹ እውነቱን ለምን አትነግሪያቸውም ስላት፣ ነግራቸው ነበር። «እማማ፣ መንገዱን ነው የማወራው እንጂ ጸሎት አይደለም» ብትላቸው፣ «ይህ ትሕትናሽ ነው ልጄ» ብለው ጭራሽ አከበሯት። ከዚያ በኋላ ትታዋለች።

ድርጅታችን ከተለመደው የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ በላይ የከፍተኛ አነዳድ ፈተና ይሰጥ ነበር። ያንን ያለፈ ሰው አዲስ ሹፌር አጠገብ ተቀምጦ ማለማመድ ይችላል። ፋደር ይሉታል፤ የክርስትና አባት እንደ ማለት ነው። ከሐበሾች መሃል ያንን ፈተና ያለፈችው ለተብርሃን ብቻ ነበረች። የድሮ ሹፌሮች ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ ፈታኙ «አልፈሻል» ብሎ መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ተከትላው ሄዳ «ልትጥለኝ ያሰብከው የት ጋ ነው?» ብላ ያዘችው። ሰውየው ስቆ ሊያልፋት ፈለገ። አልሄደችለትም። በመጨረሻ አንድ ኩርባ ላይ ዓይኗን ቶሎ እንዳነሳች ነገራት። ክረምቱን በሙሉ እረፍቷ በሆነ ቀን ወደዚያ ኩርባ ትመላለስ ነበር አሉ።

እኔ በዓይኔ ያየሁትም አለ። በየዓመቱ የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ዕለት፣ ከሥራ በፊት፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ በገዛ መኪናዋ ሆን ብላ ትንሸራተታለች። ፍሬን ትይዛለች፣ መኪናዋ ትሽከረከራለች፣ ታቀናታለች፣ እንደገና ትይዛለች። ያቺን አጭር ሴት እንደ ልጅ በበረዶ ላይ ስትዞር ያየ ሰው አእምሮዋን ይጠራጠራል። «በጋውን ሰውነቴ ረስቶታል፤ እያስታወስኩት ነው» አለችኝ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ።

ይህን ፈተና እኔም ፈለግሁት። ዕድሜዬን በሙሉ ከሌላው ሰው እጅና እግር እየሰረቅሁ የተማርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ሰው አጠገብ ተቀምጬ፣ ሳይሰርቅ እንዲወስድ፣ የማውቀውን ልሰጠው እመኝ ነበር። ከዚህ ሌላ ከዚያ ድርጅት የቀረኝ ምኞት አልነበረም።

ተፈተንኩ፤ በመጀመሪያው ሙከራ አለፍኩ። ፈታኙ ቃል የማይበዛው ረጅም ሰው ነበር። ባዶውን አውቶቡስ ዳገት ቁልቁለቱን፣ ጠባብ ሰፊውን አስነዳኝ። ስንመለስ እጄን ጨብጦ የምጨምርልህ ብዙ የለኝም አለኝ። በዚህ አገር ደስታ የገጠመው ሰው ኬኩን ራሱ ነው የሚያመጣው። በማግስቱ ትልቅ ኬክ ገዝቼ ማረፊያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሁሉም እየመጣ እየቆረሰ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል።

ለተብርሃን መጣች። ቆረሰች፣ በላች፣ አፏን ጠረገች። «ምን ተሳሳትክ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

«ምንም ካልክ አላየኸውም ማለት ነው።»

አለቃችን እዚያው ነበረ። አዲስ ሹፌሮች ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ እንደሚመጡ፣ አንድ ተጨማሪ ፋደር እንደሚያስፈልግ ነግሮን ነበር። የመጨረሻው ቃል ግን የለተብርሃን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ፋደሮቹን በሙሉ የምትከታተለው እሷ ናት። አለቃው አያት። «ገና ነው» አለች፤ ሳህኗን አጥባ ወጣች።

ደሜ ፈላ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከዚያ አልፎ ቃል የለም። እኔ ስገባ ጨዋታው ይቆማል። ኤልያስ የሚባል የሥራ ባልደረባ ነበረን፤ እሱም እንደ እኔ ከአልናብሩ ጭነት የመጣ፣ አፉ የማያርፍ ኤርትራዊ። «ጋሼ ሰይድ፣ ኬኩን እኮ በልተን ፈጨነው፤ ፋደርነቱ የት ደረሰ?» ይለኛል በሰው ፊት። ኬክ የበላህበትን ጥርስ አስቆጥርሃለሁ እለዋለሁ። እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም።

በመጨረሻ ለተብርሃንን አውቶቡስ ማቆሚያው ግቢ ውስጥ አስቁሜ ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። አጠገቤ ተቀምጣ፣ ጮክ ብዬ እያወራሁ እንድነዳ ትፈልጋለች። እብድ ነኝ ለብቻዬ የማወራው? ፈታኙ ያላለኝን የምትይኝ አንቺ ማን ነሽ? አልኳት። አልተቆጣችም።

«ዓይንህ ጥሩ ነው፤ ያየኸውን አውቃለሁ» አለች። «የማላውቀው ያላየኸውን ነው። ዝም ያለ ሹፌር ያላየውን ይደብቃል። ከሰውም ይደብቃል፣ ከራሱም።»

አሻፈረኝ ብዬ ሄድኩ። በረዶው መጣል ጀመረ። ለተብርሃን እንደ ልማዷ ሜዳው ላይ ስትሽከረከር አየኋት። አለቃው ደግሞ ጠርቶ፣ ዓመቱ እስኪያልቅ ለተብርሃን ካልተስማማች ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገረኝ። ሌላው ሰው ከእኔ በኋላ ፈተናውን ያለፈው ኤልያስ መሆኑን ከፊቱ አነበብኩ። በማግስቱ ለተብርሃንን ፈልጌ «ነይ ተቀመጪ» አልኳት።

ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ በቀኝ በኩል ያለው መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። እኔም ጀመርኩ። ካወራሁ አይቀር በደንብ ነው የማወራው፤ እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ መንገዱን ዘረዘርኩት። ቀኝ ብስክሌት፣ ግራ አሮጊት ከውሻ ጋር፣ ፊት ፍሬን የበራ፣ ስፖኪዮ ላይ ነጭ መኪና የተጠጋን፣ ከፍ ብሎ የሚንጠባጠብ በረዶ፣ ከፌርማታው ጀርባ ሁለት እግር። የቆመ መኪና ጢስ አይቼ ሊነሳ መሆኑን ሳይቀር ተናገርኩ። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ዞሬ አየኋት፤ አሁን ምን ትላለች ብዬ።

«ከመስታወቱ ውጪ ያለውን ሁሉ ጠራህ» አለች። «ውስጥ ያለነውን ግን አንድ ጊዜም አልጠራኸንም።»

«ውስጥ ያላችሁት ምን ትሆናላችሁ?»

«እሱን ነው የምልህ» አለች። ከዚያ አውቶቡሱን ወደ ኋላ እያየች «ስትፈተን ማን ተሳፍሮ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ማንም። ባዶ ነበር።»

«ታዲያ ፈታኙ በምን ይወቅ?»

በቀጣዩ የእረፍት ቀኔ ይዛኝ ኤልያስ የሚነዳው አውቶቡስ ውስጥ አስገባችኝ። እሷ ተቀመጠች፤ እኔን መተላለፊያው ላይ ቆሜ ምንም እንዳልይዝ አዘዘችኝ። ኤልያስ ከመስታወቱ እያየን ፈገግ ይላል። ሁለት ፌርማታ በእግሬ ተቋቋምኩት። ሦስተኛው ላይ ኤልያስ ፍሬን ያዘ። መጥፎ አያያዝ አልነበረም፤ እኔም የምይዘው እንደዚያው ነው፣ አጭርና ጠንካራ፣ ጭነቱ በደንብ መታሰሩን እንደሚያውቅ ሰው። ተወርውሬ አንዲት ኖርዌጂያዊት አሮጊት እግር ሥር የነበረ የድንች ከረጢት ላይ አረፍኩ። ሴትየዋ ደነገጠች። እኔ ይቅርታ እያልኩ ድንቹን እለቅማለሁ። ለተብርሃን አልሳቀችም።

«ጭነት ታስሮ ይሄዳል» አለችኝ ጎንበስ ብላ አብራኝ እየለቀመች። «ሰው ግን አይታሰርም።»

ይህን የትኛውም ፈታኝ አላገኘውም ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ መንገድ፣ እኔ ላይ የሚገኝ እንከን ቢኖር እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ ለተብርሃንን ያህል ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የውስጡን መስታወት ዝቅ አድርጌ አስተካከልኩት። ስነዳ ስለ ሰዎቹ ማውራት ጀመርኩ። ከባድ ነበር። መኪናና መንገድ እንደ ልማዱ ይሄዳል፤ ሰው ግን ሳያስበው ይነሳል፣ ቦርሳውን ይፈልጋል፣ ስልኩን ለማውጣት የያዘውን ይለቃል።

ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ለተብርሃን ለመጨረሻ ጊዜ አብራኝ ወጣች። ከዚህ በኋላ ወይ እሺ ትላለች ወይ ቦታው የኤልያስ ይሆናል። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ንጋት ላይ ብርዱ ድንገት በረታና እርጥቡ መንገድ ብርጭቆ ሆነ። ጠጠር የሚበትነው መኪና ገና አልደረሰበትም። ከሃውገንስቱዋ ስንነሳ አውቶቡሱ በሠራተኛና በተማሪ ሞልቷል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነቴን ቀነስኩ። ማውራት ጀምሬያለሁ፤ እሷ ከኋላዬ ትሰማለች።

«ፊት ቁልቁለት፣ የሚያብረቀርቅ» አልኩ። «ቀኝ ዳር የተጠረገ የበረዶ ክምር፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት። ግራ መኪኖች ይመጣሉ። ከኋላ የሕፃን ጋሪ በመካከለኛው በር። ሽማግሌ ቆመዋል፣ በአንድ እጅ ይዘዋል። ሁለት ተማሪ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።»

ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ስደርስ ታች ያለችው ቀይ መኪና ጅራቷ ወዘወዘ። ተሽከረከረችና መንገዱን ዘግታ ቆመች። ወዲያው በሯ ተከፈተ። ሴት ወጣች። ሴትየዋ በረዶው ላይ መኪናዋን ይዛ፣ ወደ እኔ እያየች ቆመች።

እግሬ የጭነት ሹፌር እግር ነው። ፍሬኑን እስከ ወለሉ ሊረግጥ ተነሳ። ነገር ግን አፌ የውስጡን ሰዎች ገና አሁን ጠርቷቸው ነበር፤ እዚያው ዓይኔ ላይ ናቸው። «ሆል ደረ ፋስት» ብዬ ጮህኩ፣ «ያዙ!» በሁለቱም ቋንቋ። መስታወቱ ውስጥ እጆች ወደ ላይ ሲነሱ አየሁ። የሽማግሌው ሁለተኛ እጅ ብረቱን ሲጨብጥ አየሁ። ያኔ ነው የረገጥኩት፤ ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ ረገጥኩ። አውቶቡሱ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልቆመም። ሴትየዋ እየቀረበች ነው፤ የኮቷን ቁልፎች ለየሁ። መሪውን በዝግታ ወደ ቀኝ ሰጠሁትና የቀኙን ጎማ ክምሩ ውስጥ አስገባሁ። በረዶው ጎናችንን እየፋቀ ጮኸ። ፍጥነቱን በላው፣ በላው፣ ከዚያ ቆምን።

ሴትየዋ እጇን ብትዘረጋ መስታወቴን ትነካው ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን።

ዞሬ አየሁ። አንድ ሰው አልወደቀም። አንድም። ይህንን ማንም ይጻፍልኝ አልልም፤ እኔው እጽፈዋለሁ። አሥር ሹፌር በዚያ ቁልቁለት ብታወርድ እንዲህ የሚያቆመው እኔ ነኝ።

ለተብርሃን ግን ወደ እኔ አልመጣችም። ተነስታ በሰዎቹ መሃል አለፈች። ጋሪው ከቦታው ተንሸራቶ እናትየው በጉልበቷ አግዳ ይዛዋለች። ለተብርሃን ጎንበስ ብላ ልጁን አየች፤ ከዚያ በጫማዋ ጫፍ የጋሪውን ፍሬን ረገጠችው። ቀጭ ሲል ከወንበሬ ሆኜ ሰማሁት።

ተመልሳ መጣች። «ጋሪ አልክ» አለችኝ በቀስታ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። «ፍሬኑ አለመያዙን ግን አላልክም።»

ከኋላ አንዲት እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል። «የዚች ልጅ ዳዊት ነው ያተረፈን» ይላሉ። እኔ እዚያው መሪ ላይ ተቀምጬ ነው የሚሉት። የነዳሁት እኔ ነኝ እማማ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ለተብርሃን አየችኝ፤ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አፌን ዘጋሁ።

ግቢ ስንመለስ አለቃው በር ላይ ይጠብቀን ነበር። ለተብርሃን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፤ ሰኞ ከሚመጣው አዲስ ሹፌር አጠገብ ሰይድ ይቀመጣል አለችው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «ሐሙስ ሐሙስ ግን ከእኔ ጋር ትነዳለህ» አለች።

«እስከ መቼ?»

«መንዳት እስክታቆም ነዋ።»

ደግሞም አደረገችው። ፋደር ሆኜ ስንቱን ሹፌር አውጥቻለሁ፤ ዛሬ የከተማው አውቶቡስ በደንብ ሲቆም ካያችሁ የእኔ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሐሙስ ሲመጣ ግን እኔው ተማሪ ነበርኩ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ታገኛለች። አንድ ሐሙስ ምንም ሳታገኝ ወረደች፤ ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ማታ ደውላ «አገኘሁት» አለችኝ። ራሷንም አትምርም ነበር። ጡረታ በወጣችበት ዕለት የመጨረሻውን ጉዞዋን አብሬያት ሄጄ ነበር፤ ስትወርድ የጠየቀችኝ ያው የምታውቁት ነው፤ «ምን ተሳሳትኩ?» አንዲት ፌርማታ ላይ በር የከፈተችው ትንሽ ቀደም ብላ እንደነበር ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ደስ አላት።

በኋላ ታመመች፤ ሕመሙ ሲጠናባት ወደ ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነበርኩ። ራሔል ሥራ አላት፤ ታክሲ ደግሞ ለተብርሃን አትወድም፤ ሹፌሩን ማረም ትጀምራለች። ከጎኔ ተቀምጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ተናገር» ትለኛለች። እኔም መንገዱን እነግራታለሁ፤ የፉሩሴትን የገበያ ማዕከል፣ የተማሪዎቹን ቦርሳ፣ የትኛው ጣሪያ ላይ በረዶ እንዳለ። ዓይኗን ሳትገልጥ «ፍሬቻው ዘገየ» ትላለች፤ በድምፁ ታውቀዋለች።

ለመጨረሻ ጊዜ ከሐኪም ቤት ስንመለስ፣ ብዙ ካወራሁላት በኋላ «ዛሬ እኔን አልጠራኸኝም» አለችኝ።

ልቀልድባት ብዬ «አንቺ ምን ትሆኛለሽ?» አልኳት። ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነበር፤ ዞሬ አየኋት። «ከጎኔ ለተብርሃን» አልኩ። «ዓይኗን ጨፍናለች። ቀበቶው ሆዷ ላይ ከብዷታል። እጇ ይቀዘቅዛል።»

«መብራቱ» አለች።

አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ነዳሁ።

የቀብሯ ዕለት ዕድሩ ስምንት ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ተከራየ። ማን ይንዳ የሚል ጥያቄ አልተነሳም። እናቶቹ ጥቁር ለብሰው ተሳፈሩ፤ ያው ከሃውገንስቱዋ ከጀርባዋ ለመቀመጥ ይሽቀዳደሙ የነበሩት፣ አሁን ያረጁት። ራሔል ከዘመዶቿ ጋር በመሄድ ፈንታ ከእኔ ኋላ መጥታ ተቀመጠች። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን የሬሳውን መኪና ተከተልን። ሌሊቱን ዘንቦ ንጋት ላይ ቀዝቅዟል፤ መንገዱ ያበራል።

መጀመሪያ ዝም ብዬ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ዓይኔ እየሰነፈ መሆኑ ተሰማኝ፤ የሬሳውን መኪና ብቻ ነው የሚያየው።

«ፊት የሬሳ መኪና» አልኩ። «ፍሬኑ በራ። ቀኝ ብስክሌት፣ ልጅ። ከድልድዩ ጥላ ሥር በረዶ።»

«አሜን» አሉ እናቶቹ ከኋላ።

«ግራ መኪና ሊወጣ ነው። አየን። ቆመልን።»

«አሜን።»

አላረምኳቸውም። የውስጡን መስታወት ዝቅ አደረግሁ።

«ከኋላዬ ሰዎች» አልኩ። «ሁሉም ያለቅሳሉ። አንዷ ቀበቶዋን አላሰረችም።»

ከዚያ የቀበቶው ቁልፍ ጠቅ ሲል ሰማሁ።

«አሰርኩ ጋሼ» አለች ራሔል። «ቀጥል።»